የእማዬ የዓይን ሞራ፣ ኦፕራሲዮን ከመግባታችሁ በፊት ሐኪሙን ምን ትጠይቃላችሁ

እማዬ ቀኝ ዓይኗን ተሰርታ በማግስቱ ፋሻው ሲነሳላት መጀመሪያ ያየችው ነጠላዋን ነው። ጫፉን ይዛ በተሰራው ዓይን አየችው፣ ያንን ሸፍና በግራዋ አየችው፣ ከዛ መልሳ በቀኟ። "በዚህኛው ነጭ ነው በዚያኛው ቅቤ የነካው ይመስላል፣ እኔ በከንቱ ነው ለካ ያን ሁሉ በረኪና የጨረስኩት" አለች።

ነገሩን ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። ሞራ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የወጣ ስብ ነገር ይመስለዋል፣ እሱን ገፈፍ አርገው የሚያነሱት። እንደዛ አይደለም። ከብሌኑ ጀርባ እንደ መስታወት የጠራ ሌንስ ተፈጥሮ ሰጥታናለች፣ እሱ ራሱ እየደፈረሰና ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ነው ግርዶሽ የሚባለው። ስለዚህ በጠብታ አይጠራም፣ በመነጽርም አይድንም፣ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይገባል በቃ። ዋናው ምክንያት እድሜ ነው፣ ስኳር በሽታና በዓይን ላይ የደረሰ ምት ያፋጥኑታል፣ ደግሞ ለማሳከክ እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚጨመረው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም ያመጣል፣ እሱን እባካችሁ ተዉት።

"ይብሰል" ብላችሁም አትጠብቁ። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ይብሰል ነው የሚለው፣ ያ የድሮ ነው። ስራችሁን ማስተጓጎል ከጀመረ ጊዜው ደርሷል፣ በጣም ከቆየ ሌንሱ ይደርቅና ኦፕራሲዮኑ ይከብዳል፣ አንዳንዴም የዓይን ግፊት ይጨምራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዚሁ ምክንያት ነው ይላል፣ ሊታከም የሚችል ነገር ማለት ነው፣ ያናድዳል።

ጅማ ላይ ያላችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ፣ ከሰቃም ከዴዶም ከአጋሮም ሰው ይመጣል። አንዳንዴ የነፃ ዘመቻ ሲኖር ደግሞ እሱን መጠበቅ ይቻላል። ብቻ መጀመሪያ ሬቲናው (ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ደህና መሆኑ፣ ግላውኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ) አለመኖሩ፣ የትራኮማ ጠባሳ አለመኖሩ ይታይ፣ ምክንያቱም ሌንስ ቢቀየርም እነሱ ያበላሹትን አይመልስም።

አሁን ወደ ሌንሱ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት ሁለት ነገር ይለካል፣ የዓይን ፊት ጉብታና የዓይኑ ርዝመት። ርዝመቱ ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት ብቻ ወደ 2.5 ወይ 3 ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያው) የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል፣ ማለትም ወፍራም መነጽር ማለት ነው፣ ስለዚህ ሲለካ ዝም ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ እዩ፣ ተለካ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እኛ በሄድንበት ቦታ ልኬቱ በደንብ ነው የተሰራው፣ ግን እማዬን "ቀን ላይ ምን ትሰሪያለሽ" ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም፣ እኔም መጠየቅ እንዳለበት አላወቅኩም። የተለመደው ሌንስ ሞኖፎካል ይባላል፣ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው የሚያጠራው፣ ምንም ካልተባለ ደግሞ ለሩቅ ነው የሚመረጠው። እሷ አሁን ከበሩ ቆማ የጅሬንን ተራራ ታያለች፣ ሰፌድ ላይ ያለውን ጥሬ ቡና ለመልቀም ግን ፕላስ 2.5 መነጽር ማድረግ አለባት፣ የምትውለው ግን ሰፌዱ ጋ ነው!

ሌላው ቶሪክ የሚባለው ሌንስ ነው፣ አስቲግማቲዝም ላለበት፣ ማለትም የዓይኑ ፊት ጉብታ እኩል ስላልሆነ ለሚደበዝዝበት። መልቲፎካል ደግሞ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያመጣል፣ ነጸብራቁም ይረብሻል፣ ማታ የአዲስ አበባን መንገድ ለሚነዳ ሾፌር እኔ አልመክርም፣ ሬቲናው ለታመመም አይሆንም። ውድ ነው ማለት ላንቺ ይሻላል ማለት አይደለም። ጠንካራ ነው ተጣጣፊ ለሚለው ደግሞ ብዙ አትጨነቁ፣ ጠንካራው ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ተጣጣፊው በፋኮ (የደፈረሰውን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በሚያወጣው ዘዴ) ከ3 ሚሊሜትር ባነሰ ይገባል፣ ፋኮ ቶሎ ይድናል፣ በጥሩ እጅ ከተሰራ ግን ሁለቱም ያሳያሉ። የመጀመሪያውን ሌንስ ያስገባው ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ 1949 ላይ፣ ሐሳቡ የመጣለት በጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስታወት ፕላስቲክ ስብርባሪ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ሳያስቆጣ ሲቀመጥ አይቶ ነው።

የደም ግፊትና ስኳር ሳይስተካከል አይሰሩም። እማዬ ፈርታ ጠዋት ሦስቱንም ቡና ጠጥታ ሄዳ ግፊቷ ወጥቶ መልሰውናል፣ አንድ ቀን ባጃጅና ወረፋ በከንቱ። የሽንት ፊኛና ፕሮስቴት መድኃኒት፣ በተለይ ታምሱሎሲን የሚወስድ አባት ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አሁን ቢያቆመውም እንኳ። ነቅቶ ነው የሚሰራው፣ ዓይን አካባቢ ብቻ ይደነዝዛል፣ ሳል ሲመጣባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከዛ በኋላ ጠብታው ነው ስራው፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። እጅ ታጥቦ፣ ሁለት ዓይነት ከሆነ በመሃል 5 ደቂቃ እየጠበቁ። ዓይን ማሸት፣ ከባድ ማንሳት፣ ጭስ ያለበት ማድቤት መቀመጥ ለጊዜው ይቅር። ጎረቤታችን ሐጂ ለውዱእ ዓይናቸውን ሳያስነኩ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ነበር የሚያብሱት፣ ሶላቱንም ወንበር ላይ፣ ሐኪማቸውን ጠይቀው። ሕመሙ ከባሰ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ እይታችሁ ከቀነሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፣ ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከወራት ወይ ከዓመታት በኋላ ቀስ ብሎ ቢደበዝዝ ግን ሞራው ተመልሶ መጥቶ አይደለም፣ ሌንሱን የያዘው ሽፋን ደፍርሶ ነው፣ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

የእማዬ ግራ ዓይን ይቀራል። ሐኪሙ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አንዱን ለሩቅ አንዱን ለቅርብ ማድረግ ይቻላል፣ አእምሮ ይለምደዋል ብሎናል፣ እሷም ተስማምታ "ይሄኛው ለቡናዬ ይሁን" ብላ ወረቀቱ ላይ አስጽፋለች።