ከዕለት ተዕለት ፍርሃት አጭር አስፈሪ ጌም አሠራር

የሩብ ሰዓት አስፈሪ ጌም ለመሥራት የተነሣ ሰው ከጭራቁ በፊት ቦታውን ይምረጥ። ቦታው በየቀኑ የሚመላለስበት፣ በጨለማም ቢሆን ሳይደናቀፍ የሚሄድበት ሊሆን ይገባል፤ ተጫዋቹን ከሁሉ ይበልጥ የሚረብሸው ጠንቅቆ አውቀዋለሁ ያለው ነገር ተለውጦ ሲጠብቀው ነውና።

ለዚህ «ኤግዚት 8»ን ተጫውቶ ማጥናት ይጠቅማል። ኮታኬ ክሪኤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ይህ የጃፓን ጌም በአንድ የምድር ውስጥ ባቡር መተላለፊያ ውስጥ ያልቃል፦ ነጭ ግድግዳ፣ የተለጠፉ ማስታወቂያዎች፣ ከፊት የሚመጣ አንድ ሰው። ተጫዋቹ የተለወጠ ነገር ካየ ይመለሳል፣ ካላየ ወደፊት ይቀጥላል፤ ከተሳሳተ ግድግዳው ላይ የሚታየው የመውጫ ቁጥር ዜሮ ላይ ይወድቃል። ያው መተላለፊያ ደጋግሞ ስለሚያገለግል፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ድካሙን እጅግ ያቀልለታል።

የኮንዶሚኒየም ደረጃን እንውሰድ። ተጫዋቹ ማታ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ በመጀመሪያው ጉዞ ምንም አይድረስበት፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማ፣ ሁለተኛ ፎቅ በር ላይ የተደረደሩት ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ በሩ አድርገው ይታዩ። በሁለተኛው ጉዞ ቴሌቪዥኑ ጸጥ ይበል። በሦስተኛው ጫማዎቹ ወደ ደረጃው ዞረው ይገኙ። ይህን ያየ ተጫዋች ማንም ሳያሳድደው እርምጃውን ያፈጥናል። የመጀመሪያውን ጉዞ አሰልቺ ነው ብሎ መቁረጥ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልማዱን ያላየ ሰው ለውጡን አያውቅም።

ድምፅ ከሥዕል የበለጠ ትኩረት ይሻል። የእግር ኮቴውን እዚያው ደረጃ ላይ በስልክ መቅዳት ይቻላል፤ በነፃ በሚገኘው ጎዶት በተባለ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ደግሞ ድምፁ ከኋላ ወይም ከላይ እንዲመጣ ማድረግ አያስቸግርም። ተጫዋቹ ሲቆም ኮቴው አንድ እርምጃ ብቻ ዘግይቶ ይቁም። በድንገት የሚጮኽ ፊት እዚህ ላይ ቢጨመር፣ በትዕግሥት የተገነባውን ሁሉ ያፈርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ሴፕቴምበር 1999» የተባለ አስፈሪ ጌም አምስት ደቂቃ ተኩል ብቻ እንደሚፈጅ ያስተዋለ ሰው፣ ትርፍ ክፍልና ማብራሪያ ጽሑፍ ለመቀነስ አያመነታም።

በመጨረሻ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ማዳመጫ አድርጎ እንዲጫወተው ይሰጡታል፤ ከኋላው በዝምታ ቆመው እጁ የት ላይ እንደሚያመነታ ይከታተላሉ። ጫማዎቹን ሳያይ ካለፈ፣ የሚጠቁም ቀስት ከመጨመር ይልቅ የሁለተኛውን ፎቅ አምፖል ወደ በሩ ማስጠጋት ይበቃል።