«ከታይሮይድ ውጭ ወጥቷል» የሚል ውጤት ሲደርስዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በታይሮይድ (በአንገት ፊት ለፊት ባለው ሆርሞን አመንጪ አካል) ላይ ለወጣ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ ማለትም ተቆርጦ የወጣው አካል በላቦራቶሪ ተመርምሮ የተጻፈውን ሪፖርት ሲቀበል ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ካንሰሩ ከታይሮይድ ወሰን አልፏል የሚለው መስመር ነው። ድንጋጤው የሚጠበቅ ቢሆንም መስመሩ እጅግ የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። የሚከተለው በብዛት የሚታዩትን ፓፒላሪና ፎሊኩላር የተባሉትን ዓይነቶች ይመለከታል፤ አናፕላስቲክ የተባለው ዓይነት ግን ከመነሻው ደረጃ 4፣ ማለትም ከሁሉ የከፋው ደረጃ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት በማይክሮስኮፕ ብቻ የታየውን በዓይን ከሚታየው ጋር አንድ ማድረግ ነው። ታይሮይድ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ የሚከልለው ሽፋን የለውም፤ በጤናማ ሰውም ቢሆን ስብና የጡንቻ ክሮች በውስጡ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ካንሰሩ «ወጥቷል» ወይስ «አልወጣም» በሚለው ላይ ፓቶሎጂስቶች ራሳቸው ይለያያሉ። በዚህም የተነሳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 8ኛው የካንሰር ደረጃ መመደቢያ እትም በማይክሮስኮፕ ብቻ የታየውን መውጣት ለደረጃ ምደባ አይቆጥረውም። 2 ሴንቲ ሜትር የካንሰር እብጠት በቀዶ ሕክምና የተወገደላቸውን፣ ከታይሮይድ መውጣቱ በማይክሮስኮፕ ብቻ የታየባቸውን፣ ወደ ንፍፊትም ሆነ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያልተዛመተባቸውን የ60 ዓመት እናት እናስብ፤ በቀድሞው እትም ደረጃ 3 ይባሉ የነበሩት እኚህ እናት ዛሬ ደረጃ 1 ናቸው። የቆየ ጽሑፍ አንብቦ ተስፋ መቁረጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ በዓይን የሚታየውን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ነው። ካንሰሩ በታይሮይድ ፊት ለፊት ያሉትን ስስ የአንገት ጡንቻዎች ብቻ ነክቶ ከሆነ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጡንቻውን አብሮ ቆርጦ ማውጣት ይችላል፤ የአየር ቧንቧን፣ ማንቁርትን፣ የምግብ ቧንቧን ወይም የድምፅ ነርቭን ከያዘ ግን አጥርቶ ማውጣቱ ይከብዳል፣ ትንበያውም ይከፋል። ፓቶሎጂስቱ የሚያየው የተላከለትን ብቻ ስለሆነ፣ «የቀረ ነገር አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለቀዶ ሐኪሙ መቅረብ አለበት። የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ግልባጭ መያዝ እጅግ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ከቋንቋችን የሚመጣ ነው። «ዕጢ» የምንለው ታይሮይድንም ሆነ በላዩ የበቀለውን እብጠት ስለሆነ፣ «ዕጢው ወጥቷል» ሲባል አንዱ ቤተሰብ በቀዶ ሕክምና መውጣቱን፣ ሌላው መሰራጨቱን ይረዳል። ወደ አጎራባች አካል መግፋት፣ ወደ አንገት ንፍፊት መድረስና ወደ ሳንባ ወይም አጥንት መዛመት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይጠይቁ።

ከ55 ዓመት በታች የሆኑ ሕሙማን ደግሞ «ደረጃ 1» ሲባሉ ክትትሉን ችላ ይላሉ። በዚህ ዕድሜ ካንሰሩ የአየር ቧንቧን ቢነካም፣ ወደ ሩቅ አካል እስካልተዛመተ ድረስ ደረጃው 1 ነው። ደረጃው የሚተነብየው የመሞትን ዕድል እንጂ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል አይደለም፤ በዓይን የታየ መውጣት የመመለስ ሥጋቱን ከፍ ስለሚያደርግ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና (የቀሩ የታይሮይድ ሕዋሳትን በጨረር የሚያጠፋ)፣ የታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሕዋሳት ወደ ደም የሚያመነጩት ፕሮቲን) ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ አስፈላጊነታቸው ይጨምራል።

በመጨረሻም፣ ለዓመታት የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው ድምፁ ሲሻክር ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ የለበትም። የድምፅ ነርቭ ከታይሮይድ ጀርባ ስለሚያልፍ መሻከሩ ካንሰሩ መግፋቱን ሊያመለክት ይችላል፤ ስለዚህ የድምፅ አውታሮቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መታየት አለባቸው፤ አንዱ ነርቭ አስቀድሞ እንደተጎዳ የሚያውቅ ቀዶ ሐኪም ሌላውን ለማትረፍ አቅዶ ይገባል።