ተሰጥኦን ለሰው ጥቅም ማዋል፤ ከየት ይጀመራል?

«አገልግሎት» ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ወደ መድረክ ይሄዳል። ድምፁ የማያምርና ሰው ፊት መናገር የሚያርበተብተው ምእመንም «እኔ ጸጋ የለኝም» ብሎ ቁጭ ይላል። በዘጸአት 31 ግን እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላሁት ያለው ባስልኤል ሰባኪም ዘማሪም አልነበረም፤ ወርቅና ብር የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለሞያ ነበር። ጣቢታም በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው።

በመጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ጻፉ። ሰዎች ሳትጋብዟቸው ለምን ጉዳይ ወደ እናንተ ይመጣሉ? ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ የሚያልፈው ምን ስትሠሩ ነው? ሒሳብ መያዝ፣ ጸጉር መሥራት፣ የተበላሸ ዕቃ ፈታቶ መጠገን፣ ሰውን ሳያቋርጡ ማዳመጥ። የመጨረሻው ዲፕሎማ ስለሌለው ብዙ ሰው ከዝርዝሩ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ብርቅ ከሆኑት እቆጥረዋለሁ። «ያለኝ ትንሽ ነው» የሚል ካለ፣ በማቴዎስ 25 አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ መሬት ውስጥ የቀበረው የዋዛ ገንዘብ አልነበረም። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር።

ቀጥሎ ጠይቁ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስልክና ኮምፒውተር መነካካት ስለምወድ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እናት ስማርት ስልክ ላስተምር ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቪዲዮ ጥሪ፣ ስለ ፎቶ ማስቀመጫ አስረዳሁ። እሳቸው በትሕትና «እሺ ልጄ፣ እሺ» ይሉኛል። ልወጣ ስል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ «ፊደሉን ማተለቅ ይቻል ይሆን? መዝሙረ ዳዊቱ አልነበብ ብሎኝ ነው» አሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ አፌን የምከፍተው «የቱ ነው ያስቸገረዎት?» ብዬ ነው።

ከዚያ ቃል የምትገቡትን አሳንሱ። «በፈለጋችሁ ጊዜ ጥሩኝ» የሚል ሰው ወይ ይዝላል ወይ ይሰወራል። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ እስከ ሁለት ወር» ብላችሁ ጀምሩ፤ የቤት ሰውም አስቀድሞ ይወቅ። ሐዋርያት እንኳ የዕለቱን ምግብ ማደል ለሰባት ሰዎች ሰጥተው እነሱ ለጸሎትና ለቃሉ ተለይተዋል።

የገንዘቡን ነገር ሳታፍሩ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በተለይ ሞያው እንጀራችሁ ከሆነ። የጉልበት ዋጋ በነጻ፣ ጨርቁ ወይም መለዋወጫው ግን በባለቤቱ ከሆነ ከሥራው በፊት ይነገር። ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ራሱን ይችል ነበር። ነጻ ስለሆነ ግን ሥራው አይቅለል። ለከፋይ የማትሰጡትን የተንሻፈፈ ስፌት «ለእግዚአብሔር ነው» ብላችሁ ለድሃ አትስጡ። የተረዳውን ሰው ፎቶ አንስቶ መለጠፍም ይቅር፤ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለዚህ ነው።

ሥራው ሲለምድላችሁ አንድ ወጣት ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ቀን መሣሪያ ያቀብል፤ በሦስተኛው እሱ ይሥራ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ እዩ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፤ እጃችሁ ይቁነጠነጣል። ዘጸአት 35 ባስልኤልና ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩም በልባቸው እንደ ተሰጣቸው ይናገራል። ወጣቱ ብቻውን መሄድ ሲጀምር የቅዳሜውን ተራ ልቀቁለት።