ኢንቨርተሩ የሚጮኸው ባትሪው ደክሞ ላይሆን ይችላል፦ የ12 ቮልት ሽቦ አመራረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሥራቸው እንዳይቆም ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ዕቃ) ለሚያስገቡ ሰዎች መስመር እዘረጋለሁ። ሰዉ ለባትሪ ብዙ ብር ያወጣል፤ ሽቦ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይያዛል። "ከቤት ሥራ የተረፈ ባለ 2.5 አለኝ፣ አይበቃም?" ይሉኛል፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ማለታቸው ነው። አይበቃም።

1000 ዋት በ220 ቮልት ሲሄድ 4.5 አምፔር ገደማ ነው። ያው 1000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ተጨምሮ፣ 100 አምፔር ይጠጋል። ሽቦን የሚያሞቀው አምፔር ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሳቢያን ያለ አንድ ጁስ ቤት መፍጫው ሲነሳ ኢንቨርተሩ እየጮኸ ያጠፋ ነበር። ባለቤቱ "አቦ፣ ባትሪው እኮ አዲስ ነው!" አለኝ። እውነቱን ነው። መፍጫው እየሠራ ባትሪው ላይ ስለካ 12.1 ቮልት፤ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ስለካ 10.4። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ባትሪው ጓሮ ነው፣ ኢንቨርተሩ ባንኮኒው ስር፤ በመካከል 5 ሜትር ባለ 6 ሽቦ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ርቀቱን በሜትር በ2 አባዙ፣ ምክንያቱም ጅረቱ በፖዘቲቭ ሄዶ በኔጌቲቭ ይመለሳል። በአምፔሩ አባዙት፣ ከዚያ በ0.0175፣ እሱ የመዳብ ቁጥር ነው። ውጤቱን ለሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር አካፍሉ። የሚጠፋው ቮልት ይወጣል። መፍጫው 60 አምፔር ይስብ ነበር፦ 2 × 5 × 60 × 0.0175 ÷ 6 = 1.75። መለኪያው ካሳየው ጋር ገጠመ። እኔ ከ3 በመቶ በላይ እንዲጠፋ አልፈቅድም፤ በ12 ቮልት 0.36 ማለት ነው።

ለዚህ ጁስ ቤት ወፍራም ሽቦ አልገዛንም። ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው ወሰድነው። ረጅሙን መንገድ 220 ቮልቱ ይሂድ፤ እዚያ አምፔሩ ትንሽ ስለሆነ ተራው ባለ 2.5 ይበቃዋል። ብቻ ኢንቨርተሩን ከአሲድ ባትሪ በላይ አትስቀሉት፤ ባትሪው ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።

አሁን ባትሪና ኢንቨርተር 1.5 ሜትር ተራርቀው 100 አምፔር ይሳብ እንበል። በቮልት ሒሳቡ ባለ 16 ያልፋል፣ የሚጠፋው 0.33 ብቻ ነው። ግን ሙቀቱ አለ። ግድግዳ ላይ የተያዘ ባለ 16 የመዳብ ሽቦ የሚችለው 85 አምፔር ገደማ ነው፤ ያውም አየሩ 30 ዲግሪ ሲሆን። የእኛ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የታወቀ ነው። ቆርቆሮ ስር 40 ዲግሪ ሲሞላ አቅሙ በ0.87 ይባዛል፣ 74 ላይ ይወርዳል። ባለ 25 እንኳ 97 ላይ ይቆማል። ባለ 35 ግን 120 አምፔር ይሸከማል፤ እኔ የምዘረጋው እሱን ነው። ሁለቱንም ሒሳብ ሠርታችሁ ወፍራሙን ውሰዱ።

ከሱቅ ስትገዙ የላስቲኩ ውፍረት አያታልላችሁ። ጫፉን ላጡና አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለተመሳሳይ ሥራ 1.6 እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል። ከዚያ የአንዱን ክር ውፍረት በካሊፐር ለኩ፦ ቁጥሩን በራሱ፣ በ0.785፣ ከዚያ በክሮቹ ብዛት አባዙ፤ የሚወጣው የሽቦው ካሬ ሚሊሜትር ነው። ባለ 16 ነው የተባለ ሰባት ክር ሽቦ እያንዳንዱ ክር 1.7 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ካነሰ መልሱት።

ፊውዙ ፖዘቲቩ ላይ ነው፣ ከባትሪው በጣም ተጠግቶ። የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ቁጥሩ ከጭነቱ በላይ፣ ሽቦው ከሚችለው በታች ይሁን። ፊውዝ የሌለበት የባትሪ መስመር ቤት ያቃጥላል። በዚህ አልደራደርም።

መገጣጠሚያን በመጠምዘዝና በናስትሮ በመጠቅለል አይሆንም። ጫፉ ላይ ተርሚናል በመጭመቂያ ይታሰር፣ ብሎኑም ይጥበቅ። ሲያልቅ ከባድ ጭነት አብሩና አስር ደቂቃ ጠብቁ። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ የባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ተርሚናሉ ላይ አሳርፉ። በ60 አምፔር 0.1 ቮልት ካሳየ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 6 ዋት ሙቀት አለ። ጭነቱን አጥፉ፣ ንቀሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩና እንደገና ለኩ።