ከመረብ የወጣ ዓሣ ጥራቱን ጠብቆ ዳር እንዲደርስ

ዓሣው ቤት ሲገባ ሥጋው ተልፈስፍሶ ወይም ሸትቶ ከተገኘ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ጀልባው ላይ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ሰዓት።

ማታ የተጣለ መረብ ንጋት ላይ ሲነሳ ሕያው ዓሣም ሞቶ ያደረ ዓሣም ይዞ ይወጣል። የጣናም ሆነ የዝዋይ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሞተው ሲነጋ መበላሸት ጀምሯል። ስንጥቡ (መተንፈሻው) ገርጥቶ ዓይኑ ከደፈረሰ በሌላ ዕቃ ለዩት። ከሕያው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ገበያው ሲደራ፣ የተለመደ ነው፤ ደንበኛ የሚያሸሸውም እሱ ነው። መረቡን አምሽቶ መጣልና ማልዶ ማንሳት ሞቶ የሚያድረውን ይቀንሳል።

ዓሣውን ስታወጡ ክሩን ከስንጥቡ ሥር ፈልቅቁ፤ ካልወጣ ክሩን ቁረጡት። በጅራቱ አትጎትቱት፣ ጀልባው ወለል ላይም አትወርውሩት። የተቀጠቀጠበት ቦታ ደም ይቋጥራል፤ ሲበለት ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ሲንፈራገጥ እንዲሞት መተው ትልቁ ስህተት ነው። ዓሣ ሲንፈራገጥ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ጉልበት ይጨርሳል፣ ሥጋው ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፣ ቶሎ ይገተራል (ገላው እንደ እንጨት ይደድራል)፣ ኋላም ሥጋው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ወዲያው ግደሉት። ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ወስፌ ይበቃል፤ ለትልቅ ዓሣ ጫፉ የተሳለ ካቻቪቴ ይሻላል። ከዓይኑ ትንሽ ወደ ኋላና ከፍ ብሎ፣ ወደ ጭንቅላቱ መሃል ውጉት። አእምሮውን ካገኛችሁት አፉን ይከፍታል፣ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፣ ይንቀጠቀጥና ልምሽሽ ይላል። ካልሆነ እጃችሁን ትንሽ አዘንብላችሁ ድገሙት።

ልብ ለጥቂት ጊዜ መምታቱን ስለሚቀጥል ደሙን የምታወጡት ያኔ ነው። የስንጥቡን ሽፋን ገልጣችሁ ቅስቶቹን በአንድ በኩል በቢላ ቁረጡና ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዩት። ውሃው ከመሃል ሐይቅ የተቀዳ ይሁን፤ ዳር ላይ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ደሙ ያልወጣለት ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይሸታል። መረብ ውስጥ የሞተ ዓሣ ግን ቢቆርጡትም እምብዛም አይደማም።

አምባዛ ሌላ ነው። አየር ስለሚተነፍስ በእርጥብ ጆንያ፣ በጥላ ሥር፣ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። ዳር አድርሶ መግደል ይሻላል፤ ብቻውን ይሁን እንጂ፣ በጎኑ ያለው እሾህ ሌላውን ዓሣ ይወጋል።

በረዶውን በአንድ ለአንድ ያዙ፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ። ይበዛል የሚል ካለ ሂሳቡ ይኸው፦ 10 ኪሎ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ ብቻ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ በረዶ ይቀልጣል፤ የቀረው ቀኑን ሙሉ በሳጥኑ ግድግዳና በክዳኑ የሚገባውን ሙቀት ይመክታል። ቅዝቃዜው ያለው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ 10 ዲግሪ ላይ ያለ ዓሣ 0 ዲግሪ ላይ ካለው አራት እጥፍ ያህል ቶሎ ይበላሻል።

የበረዶ ፋብሪካ ከሌለ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚያብጥ አናቱ ላይ ክፍት ቦታ ተዉ። ሃይላንዶቹን በደረቁ ከዓሣው ጋር መደርደር ግን አይበጅም፤ የነካቸው ዓሣ ብቻ ይቀዘቅዛል። ውሃ ጨምሩበት፤ ቅዝቃዜውን ለሁሉም የሚያዳርሰው ውሃው ነው። የተፈጨ በረዶ ካላችሁ ሁለት እጅ በረዶ ለአንድ እጅ ውሃ ይሁን። ዓሣው እስከ መሃሉ ሲቀዘቅዝ ከውሃው አውጡት፤ ለረጅም ሰዓት ሲነከር ቀለሙን ያጣል። ከዚያ በኋላ ከሥር ቀዳዳ ባለው ሳጥን አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ እያደረጋችሁ ደርድሩ፤ ደም የቀላቀለው ውሃ ይውረድ። ዓሣው ሳይገተር በፊት ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከተገተረ በኋላ በግድ ማቃናት ሥጋውን ይቀድደዋል።

በረዶ ከሌለ እርጥብ የቃጫ ጆንያ ወይም እርጥብ ደንገል አልብሱት፣ ነፋስ ይግባበት፣ በየጊዜው ውሃ ርጩበት። የማዳበሪያ ላስቲክ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ አይሆንም። ይህ ለጥቂት ሰዓት እንጂ ለቀን አያበቃም።

ሆድ መክፈትን በተመለከተ፣ በረዶ ውስጥ ያለ ትንሽ ቆሮሶ ዳር እስኪደርስ ባይከፈትም ችግር የለውም። በረዶ ከሌለ፣ ወይም ዓሣው እንደ ጫሞ ሐይቅ ነጭ ዓሣ (ናይል ፐርች) ትልቅ ከሆነ፣ እዚያው ክፈቱት፤ ሆድ ዕቃው ከውስጥ የሆዱን ግድግዳ መብላት ይጀምራል። ከመጸዳጃው ወደ ፊት፣ የቢላውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ስስ አድርጋችሁ ቅደዱ። ሐሞቱ ከፈሰሰ ወዲያው እጠቡት፤ አረንጓዴ የነካው ሥጋ ይመርራል፣ ቆርጦ መጣል ነው። በአከርካሪው ሥር የተጋደመውን ጥቁር ደም በማንኪያ ፋቁ፣ ስንጥቡን ነቅላችሁ ጣሉ፣ የትልቁን ዓሣ ሆድ በበረዶ ሙሉት።

ጎረድ ጎረድ በጥሬው ለሚበላ አንድ ነገር ይታወቅ፦ በረዶ ዓሣውን ያቆያል እንጂ ውስጡ ያለን ትል አይገድልም።

ፊሌቶ (ከአጥንቱ የተለየ ሥጋ) የምታወጡት ዓሣው ሳይገተር ወይም መገተሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን ይዛችሁ በአግድም አንሱት፤ ጅራቱ ካልወረደ አሁንም የተገተረ ስለሆነ ወደ በረዶው መልሱት።