የደመወዝ ግብር ሲቀየር ፔሮልን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝ ግብሩን ሰባት እርከን ስድስት አድርጎታል። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ብሏል፤ ከፍተኛው መጣኔ፣ 35 በመቶው፣ ደግሞ ከ10,900 ሳይሆን ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል። ደመወዙ ሳይጨመርለት ግብሩ የጨመረ ሠራተኛ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ፔሮላችሁ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝራችሁ) ላይ ካገኛችሁ ስህተቱ ያለው ፋይላችሁ ውስጥ ነው።

1. ሠንጠረዡን ተኩ። ተቀናሽ ማለት ገቢው በመጣኔው ከተባዛ በኋላ ከውጤቱ ላይ የሚነሳው ቋሚ ቁጥር ነው።

እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለም
2,001–4,000፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
4,001–7,000፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
7,001–10,000፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
10,001–14,000፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እርከኑን ቀይሮ ተቀናሹን መርሳት የተለመደ ነው። 35 በመቶው ጎን የድሮው 1,500 ከቀረ፣ ከ14,000 በላይ የሚከፈለው እያንዳንዱ ሠራተኛ በየወሩ 550 ብር ያለአግባብ ይቆረጥበታል። ስህተቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ በዓይን አይያዝም።

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ፣ «ከዚህ በላይ ከሆነ ይህን» እያለ የሚደራረበውን ረጅም ፎርሙላ ጣሉት። የሠራተኛውን ግብር የሚከፈልበት ገቢ በአምስቱም መጣኔ አባዙ፣ ከእያንዳንዱ የራሱን ተቀናሽ ቀንሱ፣ ዜሮንም ከውጤቶቹ ጋር አካትቱና ከሁሉም ትልቁን ቁጥር በማክስ (MAX) ፎርሙላ ምረጡ። መልሱ ሁልጊዜ ትክክለኛው ግብር ነው፤ የእርከኑን ወሰን መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ 14,000 ብርን በ30 በመቶውም በ35 በመቶውም አስሉ። ሁለቱም 2,850 ካልሰጡ አንዱ ተቀናሽ ተሳስቷል።

2. ጡረታን አትንኩ። በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፤ በዚህ አዋጅ አልተለወጠም። ግብሩ የሚሰላው 7 በመቶው ከመነሳቱ በፊት ባለው ገቢ ነው። ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ ግብር ማስላት ግብሩን ያሳንሳል፤ ኦዲት ሲመጣ ልዩነቱ ከቅጣትና ከወለድ ጋር ይጠየቃል።

3. ውሎቹን በሁለት ክፈሉ፦ በግሮስ (ግብርና ጡረታ ከመቆረጡ በፊት ባለው ክፍያ) የተዋዋሉና በኔት (ተቆርጦ እጅ በሚገባው ክፍያ) የተዋዋሉ።

በግሮስ ለተዋዋለ ሠራተኛ ለውጡ የእሱ ነው። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ ከ2,700 ወደ 2,250 ወርዷል፤ 450 ብሩ ኪሱ ይገባል፣ ድርጅቱ ያወጣው የነበረው ወጪ አይለወጥም።

በኔት ከሆነ ግን ግሮሱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ግብርና ጡረታ ተነስቶ 10,000 ብር እጁ እንዲገባ የተዋዋለ፣ ክፍያውም በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ። ከ10,000 ላይ 1,350 ቀንሱ፤ ቀሪውን 8,650 ለ0.63 አካፍሉ። 0.63 የተገኘው ከ1 ላይ 30 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ሲነሳ ነው። ግሮሱ 13,730.16 ብር ይሆናል፤ ከ14,000 ስለማያልፍ እርከኑ ትክክል ነው። ካለፈ በ2,050 እና በ0.58 ድገሙት። በድሮው ሠንጠረዥ ይኸው ሰው 14,655.17 ግሮስ ያስፈልገው ነበር። የአሠሪው 11 በመቶ ሲታከል ድርጅቱ በወር 1,026.76 ብር ይቀንስለታል። የድሮውን ግሮስ ሳይነኩ መቀጠል ይህን ገንዘብ ሳያስቡት መስጠት ነው። ሠራተኛው «ግብር ቀነሰ ተብሎ የእኔ ለምን አልጨመረም?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር ስሌቱን በወረቀት አሳዩት።

4. እንደ ወትሮው ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ አስታውቁና ክፈሉ።

5. ዓመታዊ ዕቅዳችሁን ከዝቅተኛው ግብር ጋር አገናዝቡ። ያው አዋጅ፣ የሚመለከተው ድርጅት የንግድ ትርፍ ግብሩ ከዓመታዊ ገቢው 2.5 በመቶ በታች ከሆነ 2.5 በመቶውን እንዲከፍል ያደርጋል። በ30 በመቶ የትርፍ ግብር ሲታሰብ መገናኛው ትርፉ የገቢው 8.33 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ላለ ድርጅት ተጨማሪ ደመወዝ ግብሩን አይቀንስለትም። ትርፋማው ድርጅት በ100 ብር ደመወዝ 30 ብር ግብር ሲቀንስለት፣ እሱ ዘንድ 100 ብሩ ሙሉ ወጪ ነው። ቅጥር ከመፍቀዳችሁ በፊት ከ8.33 በላይ ናችሁ ወይስ በታች የሚለውን አጣሩ።