ዎርድፕሬስ ላይ ሪራይት ሩል ጽፋችሁ 404 ሲላችሁ

ባህር ዳር ጀልባ የሚያከራይ ወዳጄ የጣና ገዳማትን የሚያሳይ ሳይት ስራልኝ ብሎኝ፣ አድራሻው «ገዳም/ኡራ-ኪዳነ-ምህረት» እንዲሆን የራሴን ሪራይት ሩል (የትኛው አድራሻ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት ለዎርድፕሬስ የሚነግር መመሪያ) ጻፍኩና 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም»፣ እያለኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስነጫነጭ ከረምኩ። ያየሁትን እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ኮዱ ልክ ነው ግን 404?
ዎርድፕሬስ ሩሎቹን ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚጠቀመው፣ እናንተ ኮድ ስለጨመራችሁ ብቻ አያድሰውም። ሴቲንግ ውስጥ ፐርማሊንክ ገጽ ግቡና ምንም ሳትነኩ ሴቭ በሉት፣ በቃ። ፍላሽ የሚያደርገውን (ሩሎቹን እንደገና የሚጽፈውን) ፈንክሽን ግን ኢኒት (ዎርድፕሬስ በተነሳ ቁጥር የሚሮጥ ቦታ) ላይ እንዳትሰኩት፣ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሩሉን እንደ አዲስ እየጻፈ ሳይቱን ያንቀራፍፈዋል። ፕለጊን ከሆነ አክቲቬት ሲደረግ አንዴ ይበቃል።

ሌሎቹ ፖስቶችም እምቢ ካሉ?
ያኔ ጥፋቱ ሰርቨሩ ጋ ነው። አፓቼ ከሆነ ሞድ ሪራይት (አድራሻ የሚቀይረው ሞጁል) መከፈቱን እዩ፤ ኤንጂንኤክስ ደግሞ ዎርድፕሬስ ለአፓቼ ሩል የሚጽፍበትን ኤችቲአክሰስ ፋይል ጭራሽ አያነብም፣ የሌለ ፋይል ሲጠየቅ ወደ ዎርድፕሬስ የሚልከው ትራይ ፋይልስ የሚለው መስመር ኮንፊጉ ላይ መኖር አለበት።

ገጹ ተከፍቶ የገዳሙ ስም ባዶ ከሆነ?
ወይ ኩዌሪ ቫሩን (የገዳሙን ስም ተቀብሎ የሚይዘውን ተለዋዋጭ) አላስመዘገባችሁትም፣ ወይ ዶላር ማችስን (ሩሉ ከአድራሻው ቆርጦ የያዘውን ክፍል) በድርብ ጥቅስ ጽፋችሁት ፒኤችፒ ቀድሞ ባዶ አድርጎታል። ነጠላ ጥቅስ አድርጉት።

እኔን ያዞረኝ ግን «ገዳም/ለሴቶች» ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባባቸው ወዳጄ ሴት እንግዶች የሚገቡባቸውን ብቻ የሚያሳይ ገጽ ፈለገ፣ እኔም ሌላ ሩል ጨመርኩ፣ ስከፍተው «ለሴቶች» የሚባል ገዳም እየፈለገልኝ ነው! ለካ ቀድሞ የገጠመው ሩል ነው የሚወስደው፣ ሁለቱም «ቶፕ» (ከዎርድፕሬስ የራሱ ሩሎች በፊት ይታዩ) ቢባሉ እንኳ ኮዱ ላይ ከላይ የተጻፈው ይቀድማል፣ «ገዳም/ማንኛውም ነገር» የሚለው ሰፊው ሩል ደግሞ ከላይ ነበር። ጠባቡን ወደላይ አውጥቼ ፐርማሊንኩን ሴቭ ሳደርግ ተስተካከለ።

አማርኛ ሊንክ መጨረሻው ከተቆረጠስ?
አንድ የአማርኛ ፊደል ለሊንክ ወደ ኮድ ሲቀየር 9 ካራክተር ይሆናል፣ የስለግ (ሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለው የገጹ ስም) ጣሪያው 200 ካራክተር ነው፣ ስለዚህ ከ22 ፊደል በላይ አይገባም። «ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም የጀልባ ጉዞ ሰዓትና ዋጋ» ብዬ ስጽፍ ሊንኩ «ሰዓት» ላይ ቆመ፣ ዋጋው የለም። «ኡራ-ኪዳነ-ምህረት» ብላችሁ በእጃችሁ አሳጥሩት።